የዕድሩ ላፕቶፕ፦ ሊኑክስ፣ አሮጌ ፎንት እና የፍሪስኮ ቅዳሜዎች

ጋሼ ላፕቶፑን ያመጡት በፌስታል ጠቅልለው ነው። ፌስታሉን ገና ሳይፈቱ «ልጄ፣ ይሄ ነገር በዚህ ወር ይሞታል አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 መጀመሪያ፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ቦታው የፍሪስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ፍሪስኮን ለማታውቋት፣ ከዳላስ በስተሰሜን ያለች፣ ስሟን ከባቡር ድርጅት የወሰደች፣ በጣም በፍጥነት ያደገች ከተማ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ በ2023 የገባበት ሕንፃ ቀድሞ ቢል ኤሮስፔስ የሚባል የሮኬት ኩባንያ የነበረበት ነው። ኩባንያው በ2000 ሥራውን አቆመ፤ አሁን እዚያው ልጆች ተረት ያነባሉ። ውስጡ የቲሬክስ ዳይኖሰር ዐፅም ቅጂ ቆሟል። ጋሼ ቀና ብለው አዩትና «እኔ ደግሞ ላፕቶፔ አረጀ እላለሁ» ብለው ሳቁ።

ላፕቶፑ አይሞትም ነበር። የሆነው ይህ ነው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ማሽኑ ከዚያ በኋላም ይነሳል፣ ይሠራል፤ የሚቀርበት የደኅንነት ማሻሻያው ነው። ለግለሰቦች አንድ ዓመት የሚያራዝም ፕሮግራም አለ፤ እሱም ቢሆን አንድ ዓመት ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የጋሼ 4ኛ ትውልድ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ስክሪኑ ንጹሕ፣ ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ እንኳ አልወለቀም። እንዲህ ያለ ማሽን መጣል ይከብዳል።

ማሽኑ የእሳቸው ቢሆንም ውስጡ ያለው ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። ጋሼ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላት ዝርዝር፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት የተላከባቸው ቀኖችና ወጪዎች፣ የ14 ዓመት መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ምን እንደሚገባው የሚታየው ከዚህ ነው። ቅጂ አለ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ፍላሽ አወጡ። ፍላሹ ላይ የ2019 ፋይሎች ነበሩ።

ከመንካት በፊት

የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ የሚያውቀው ለማያውቀው እየጫነና እየጠገነ የሚውልበት ልማድ አለ፤ ፈረንጆቹ ኢንስቶልፌስት ይሉታል። እኛ አገር ደቦ ብለን የምናውቀው ነው፦ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። በዳላስ አካባቢም የሰሜን ቴክሳስ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ቡድን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። የእኔ ቅዳሜ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሦስት ሰው፣ አንድ ቦርሳ ኬብል። አንዳንዴ ማንም አይመጣም፣ የራሴን ሥራ ሠርቼ እሄዳለሁ።

ማንኛውንም ማሽን ከመንካቴ በፊት ዲስኩን አያለሁ። ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ላይ ተሳስቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዴን ልረዳ ብዬ ዲስኩን አጽድቼ ሊኑክስ ጫንኩለት። ሰነዶቹን ቀድሜ ገልብጬ ስለነበር ተኩራርቼ ነበር። በማግስቱ ሲከፍታቸው በአማርኛ ፈንታ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ወጣ። የገለበጥኩት ሰነዶቹን ብቻ ነው፤ የተጻፉበት የአማርኛ ፎንት ግን ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የፎንት ፎልደር ነበር፣ አብሮ ጠፋ። ያንኑ ፎንት ከሌላ ሰው አሮጌ ኮምፒዩተር እስካገኘው ድረስ ሦስት ሳምንት ስልኩን እያየሁ አላነሳሁለትም። ዛሬም ሳስበው ያፍረኛል።

ስለዚህ የጋሼን ማሽን ሊኑክስ ሚንት ካለበት ፍላሽ አስነሳሁት። ገና ምንም አልጫንኩም፤ ከፍላሽ ሲነሳ ዲስኩ ላይ ያለው ሳይነካ ሊኑክስን መሞከር ይቻላል። «ስማርትሲቲኤል» የሚባለውን ትእዛዝ ዲስኩ ላይ ሮጥኩ። ዲስክ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ አለ፤ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ክፍሎችን ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ መሆን ሲገባው ከአርባ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ላፕቶፑ ኦክቶበር ላይ አይሞትም፤ ዲስኩ ግን እየሞተ ነበር፣ ያውም ማንም ሳያውቅ። የሰነዶቹን ፎልደርና የፎንቱን ፎልደር ወዲያው ሁለት ቦታ ገለበጥን። ጋሼ የገለበጥነውን አንድ በአንድ ካልከፈትነው አላምንም አሉ። ልክ ነበሩ፤ አንዱ ፋይል ተቆርጦ ነበር፣ እንደገና ገለበጥነው።

ዲስኩን የቀየረልን እኔ አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ የሃይስኩል ተማሪ አለ፤ ሹፌር የሚለው ቃል ድራይቨርን ነው ወይስ መኪና የሚነዳውን ብሎ አማርኛ የሚጠይቀኝ። ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ይዞራል። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ኤስኤስዲ ገዝተው መጡ፣ ልጁ የጀርባውን ብሎኖች ፈትቶ በሃያ ደቂቃ ተካው። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስሎ፣ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ላይ እያስቀመጠ ነው የፈታው። እኔ ይህን አላደርግም ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ብሎን የሚተርፈኝም ለዚህ ነው።

«ዋይፋይ የለም»

ሊኑክሱ ተጫነ፣ ዋይፋይ ግን የለም። ይህ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የበዛው ነው፤ ሰው ሲደውልም «ዋይፋይ እምቢ አለ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚህ ዐረፍተ ነገር ምንም ማወቅ አይቻልም። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው የኩባንያ ስምም ብዙ አይረዳም፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት የዋይፋይ ቺፕ ሊገባ ይችላል። የሚረዳው «ኤልኤስፒሲአይ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ከኋላው ኤን ኤን የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩበት ከእያንዳንዱ ቺፕ አጠገብ በኮሎን የተለያዩ ሁለት ባለ አራት ምልክት ቁጥሮች ያወጣል። የመጀመሪያው አምራቹን፣ ሁለተኛው ቺፑን ይለያል። ሰው እነዚያን ስምንት ምልክቶች በስልክ ካነበበልኝ፣ ማሽኑን ሳላየው ምን ድራይቨር እንደሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ መናገር እችላለሁ።

የጋሼ ቺፕ ድራይቨሩ ክፍት ካልሆነው ወገን ነው። ድራይቨሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። መውጫው ኪስ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ፣ ከስልኩ ሴቲንግ ዩኤስቢ ቴተሪንግን ብታበሩ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል። የስልኩን ዳታ ብቻ ሳይሆን ስልኩ የያዘውን ዋይፋይም ያሳልፋል። ከዚያ የድራይቨር ማናጀሩ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ አወረደ። በዩኤስቢ የሚሰራው ኬብል ዳታ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ በሚያደርግ ኬብል ግማሽ ሰዓት የደከምኩበት ቀን አለ።

እኔ ሊኑክስን ስጀምር እንዲህ ያለ ስልክ አልነበረንም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዶርም እያለን ኡቡንቱን ያገኘነው በሲዲ ነው፤ ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ ሺፕኢት በሚባል ፕሮግራም ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። ከሲዲው በላይ የሆነ ፓኬጅ ሲያስፈልግ ግን ኢንተርኔት ካፌ ነው። አንዱን ፓኬጅ አውርደህ ስትመለስ «ሌላ ፓኬጅ ያስፈልገኛል» ይልሃል፤ ያንን ስታመጣ ሌላ ሦስት። ስለዚህ ከተማ የሚወጣ ሰው የሁሉንም ዝርዝር በወረቀት ይዞ ይሄዳል። በኋላ አንድ ልጅ አፕት ያወረደውን ሁሉ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው ፎልደር ውስጥ እንደሚያስቀምጥ አወቀ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያወረደው የሁሉ ሆነ፤ ፎልደሩ በፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞራል። ቪዲዮ ማጫወቻ የጫነ ሰው ፍላሹን ካልሰጠ ስስታም ይባል ነበር።

ፊደሉ

ጋሼን ያስጨነቃቸው ዋይፋዩ አልነበረም። «መዝገቡ ይከፈታል ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። ከፈትነው። «የአባላት ዝርዝር» መሆን የሚገባው ርእስ በላቲን ፊደልና በዶላር ምልክት የተሞላ መስመር ሆኖ ወጣ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ፎንቱን ቀድመን ገልብጠን ስለነበር ወደ ሊኑክሱ የፎንት ፎልደር አስገባሁት፣ ሊብሬኦፊስን ዘግቼ ከፈትኩት፣ አማርኛው ተመለሰ። ጋሼ «ተመስገን፣ በቃ አለቀ» አሉ። አላለቀም ነበር።

ለወጣት አንባቢዎች ትንሽ ላብራራ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ስሪት፣ በሴፕቴምበር 1999 ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው በ8 ቢት የሚቆጠር 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ሰባቱን ቤት፣ ዲቃላዎቹን፣ የግእዝ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ሲጨምር እዚያ ውስጥ አይበቃም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎቹ ብልሃት ፈጠሩ፦ ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡ፣ አንዳንዱን ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙ፣ አንዳንዱን ወደ ሁለተኛ ፎንት አሻገሩ። ብልሃቱ በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስንት ጋዜጣና መጽሐፍ ታትሞበታል። ችግሩ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አቀማመጥ መምረጡ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መፈለግ አይቻልም፣ በፊደል ተራ መደርደር አይቻልም፣ ስልክ ላይ ቢልኩት ዝባዝንኬ ነው።

ዩኒኮድ ከገባ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖም ጋሼ በዚህ ፎንት የጻፉት ቀዳሚው ጸሐፊ በዚሁ ስለጀመሩት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው።

መቀየሪያ ፕሮግራም ለመጻፍ የፎንቱ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ የቱ ቁጥር የቱ ፊደል እንደሆነ። ከባዶ መሥራት ይቻላል፣ ግን አሰልቺ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ተመሳሳይ ፎንት ለአንድ ደብር ሰነዶች እንደቀየረ ትዝ አለኝና ደወልኩለት። እዚህ ቀን 7 ሰዓት ነው፣ እዚያ ምሽት 3 ሰዓት። «ሠንጠረዡ አለኝ፣ ነገር ግን ሁለት ቁራጭ የሆኑትን መጀመሪያ ፈልግ፤ አንድ ቁራጭ የሆኑትን ቀድመህ ከቀየርክ ፊደሉ ይሰነጠቃል» አለኝ። እሱ ይህን ለማወቅ ሁለት ሌሊት ፈጅቶበታል፤ እኔ በአንድ ደቂቃ ወሰድኩት።

ፕሮግራሙ በፓይተን መቶ መስመር አይሞላም። ሰነዶቹን በሊብሬኦፊስ ወደ ዶክኤክስ ቀየርኩ፤ ዶክኤክስ ማለት የታመቀ ኤክስኤምኤል ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይናገራል። መጀመሪያ ይህን ችላ አልኩት። ሁሉንም ቀየርኩ፤ «ዳላስ» በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ሁሉ፣ የቤት አድራሻው፣ ኢሜይሉ፣ ትርጉም የሌለው አማርኛ ሆነ። ጋሼ አንዱን መስመር ጮክ ብለው አነበቡትና «ይሄ ጠልሰም ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ፎንት የተጻፈውን ብቻ እንዲቀይር አደረግሁት። ልብ በሉ፣ አንዳንድ ፋይል ውስጥ ቁጥሮቹ በላቲን ቦታቸው አይገኙም፤ ዩኒኮድ ለግል መጠቀሚያ ወደተወው ክልል ተሻግረው ነው የምታገኟቸው። ፕሮግራማችሁ ምንም አልቀየርኩም ካለ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ሁለተኛው ሙከራ ንጹሕ መሰለኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የአባላቱን ዝርዝር ከላይ ጀምረው አነበቡ። አንድ ቦታ ቆሙ።

«ይቺ ሴት በፀሐዩ ፀ ነው የምትጽፈው። መዝገብ ላይ ስትፈርም አይቻለሁ። አንተ በጸሎቱ ጸ አድርገሃታል።»

ወደ ታች ወረድን። ጸጋዬ የሚለው ፀጋዬ ሆኗል፣ ፀሐይ የሚለው ጸሐይ። በዝርዝሩ ሙሉ ሁለቱ ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል። የጓደኛዬ ሠንጠረዥ የተሠራው ለሌላ የፎንቱ ስሪት ነበር፤ ሁለቱ ስሪቶች በዚያ ቦታ ይለያያሉ። ይህን ስሕተት ምንም ፕሮግራም አይዘውም፤ ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው። የሚይዘው ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ያን ቀን ምሽት የታረመውን ሠንጠረዥ ወደ ባሕር ዳር መልሼ ላክሁ፤ የደብሩ ሰነዶችም እንደገና መታየት አለባቸው ማለት ነው። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠኝም፣ ከዚያ «ወይኔ» ብሎ ብቻ ጻፈ።

ኪቦርዱ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነበር፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በኪቦርድ ዝርዝሩ ላይ «አማርኛ» ከአንድ በላይ ሊታያችሁ ይችላል። አንዱ ቁልፍን በቀጥታ ከምልክት ጋር የሚያገናኝ ተራ አቀማመጥ ነው፤ በሁለት ቁልፍ አንድ ፊደል መገንባት አይችልም። እንደ ስልካችሁ በላቲን እየጻፋችሁ ፊደል እንዲወጣ ከፈለጋችሁ የአይባስ ኤም17ኤን ፓኬጅ ጫኑ፣ ከሲስተሙ ወጥታችሁ ግቡ፣ «ሴራ» የሚለውን ምረጡ። ካልወጣችሁ አይታይም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ እየጫነ ይደክማል።

ሴራ የሚለው ስም አያስፈራችሁ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊደላችንን በላቲን ለመጻፍ ያወጡት ደንብ ምሕፃረ ቃል ነው። ደንቡን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ኤም17ኤን የተሠራው ደግሞ ጃፓን ነው፤ ኢማክስ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ፊደል መጻፊያም የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ሲስተሙ ወርና ቀን በአማርኛ እንዲጽፍ የሚያደርገው የአማርኛ ሎካል የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሥራ ነው። አቢሲኒካ ፎንትን በነፃ ፈቃድ ያወጣው ኤስአይኤል ነው። ጋሼ አንድ «ሰ» ሲጽፉ ይህ ሁሉ ሰው ከኋላው አለ።

ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ላይ «መመሪያውን አንብብ» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልወደውም። መመሪያው በአማርኛ የለም። እኛ ደግሞ የምንረዳዳው በስልክ ነው፤ አንድ ሰዓት አውርተን እንፈታዋለን፣ ስልኩ ሲዘጋ መልሱም ይጠፋል፣ በሳምንቱ ሌላ ሰው ስለዚያው ቺፕ ይደውላል። ስለዚህ አሁን ሥራው ሲያልቅ አንድ ገጽ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ የማሽኑ ሞዴል፣ የቺፑ ቁጥር፣ የተጫነው ድራይቨር፣ የፎንቱ ስሪት፣ ያልሠራው ሙከራ ጭምር። የጋሼን ገጽ አትመው ከዕድሩ መዝገብ ጋር አስቀመጡት። ከእሳቸው ቀጥሎ ጸሐፊ የሚሆነው ሰው ያገኘዋል።

አንድ ነገር ግን አልፈታሁም። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ የኪቦርዱ መብራት ይበራል፣ አይጡ ግን አይታይም። ሚንት 22፣ ከርነል 6.8፣ የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ግራፊክስ። ከተርሚናል እንዲተኛ ሳዘው በትክክል ይነቃል፤ የሚበላሸው በክዳኑ ሲተኛ ብቻ ነው። ባዮሱን አድሻለሁ፣ ለውጥ የለም። ጋሼ ለጊዜው ክዳኑን አይዘጉትም፤ ማታ ማታ እንደተከፈተ ያንኑ ፌስታል ያለብሱታል። ተመሳሳይ ያጋጠማችሁ ካላችሁ፣ ባይሠራም የሞከራችሁትን ንገሩኝ።